የምንስቀው ማን ሲሞኝ ነው? ዘረኝነትና የኮሜዲ ፊልም

ሰላም ለሁላችሁም። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ብዙ ጓደኛሞችን ከፊልም ቤት ሲወጡ የሚያጨቃጭቅ ነው። አንድ ኮሜዲ ፊልም በቆዳ ቀለም ወይም በዘር ላይ ይቀልዳል። አንዱ በሳቅ ይፈርሳል። ሌላው ፊቱን አኮሳትሮ ይቀመጣል። ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። «ዘረኞቹን እኮ ነው የሚያሾፍባቸው፤ አልገባህም እንዴ?» ይላል የሳቀው። «ያንኑ የድሮ ስድብ ነው ቀልድ አስመስሎ የደገመው» ይላል ያልሳቀው። ይከራከራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ሁለቱም በአቋማቸው እንደጸኑ ወደየቤታቸው ይገባሉ።

ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው የሚጠየቀው ጥያቄ ስለማይረዳ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ጊዜ የምንፈርደው በፊልም ሠሪው ልብ ላይ ነው። ሰውየው ዘረኛ ነው ወይስ አይደለም? የሰው ልብ ገብቶ ማየት አይቻልም። ቢቻልም ብዙ አይጠቅምም፤ ቅን ሆኖ ጎጂ ፊልም የሠራ ሞልቷል። አንዳንዶች ደግሞ የስድብ ቃላትን ይቆጥራሉ። እሱም አያዋጣም። አንድም ስድብ የሌለበት ፊልም ሕዝብን ሊያዋርድ ይችላል። ከዳር እስከ ዳር ስድብ የሆነ ፊልም ደግሞ ተሳዳቢውን ራቁቱን ሊያስቀረው ይችላል።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ፊልሙን ሳቁ በመጣበት ቅጽበት ላይ አቁሙት። የሳቅነው ስለ አንድ ሕዝብ የሚወራው ነገር እውነት ሆኖ ስለቀረበልን ነው? ወይስ ያንን ወሬ አምኖ የተቀበለው ሰው በእምነቱ ምክንያት ስለተሞኘ ነው? የመጀመሪያው ሳቅ ዘረኝነትን ይመግባል። ሁለተኛው ያጋልጠዋል። ቀላል ይመስላል፤ ሥራ ላይ ሲውል ግን ብዙ ነገር ይለያል። የማነሳቸውን ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።

በ1974 ከወጣው ከሜል ብሩክስ «ብሌዚንግ ሳድልስ» ልጀምር። በአሜሪካ የምዕራብ ካውቦይ ፊልሞች ላይ የሚቀልድ ፊልም ነው። ታሪኩ ከባርነት ማብቃት ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው የሚካሄደው። ባርት የሚባል ጥቁር የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ የነጮች ብቻ በሆነች ከተማ ሸሪፍ ተደርጎ ይሾማል። የሾሙት ሕዝቡ እንዲጠላውና ከተማዋ እንድትፈርስ አስበው ነው። በጥቁሮች ላይ የሚወረወረው አስቀያሚው የእንግሊዝኛ ስድብ ፊልሙን ሞልቶታል። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው መደንገጡ አይቀርም።

መክፈቻው ላይ ጥቁር ሠራተኞች በጠራራ ፀሐይ ሐዲድ ሲዘረጉ እናያለን። ነጩ አለቃ ይመጣና ያፌዝባቸዋል። ባሪያ በነበራችሁ ጊዜ እንደ ወፍ ትዘምሩ አልነበር? እስቲ አንድ የሥራ ዘፈን አሰሙን ይላቸዋል። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ባርት ጉሮሮውን ያጠራል። ከዚያ በ1934 የተሠራውን የኮል ፖርተርን የፍቅር ዘፈን ያንቆረቁረዋል። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ሻምፓኝ ይዞ የሚዘፈን የከተማ ዘፈን ነው። ጓደኞቹ ከኋላ ድምፅ እያዋሐዱ ይቀበሉታል። ጊዜውም ቦታውም አይገጥምም፤ ሳቁ ግን ገና ነው።

አለቃው ግራ ይገባዋል። እንዲህ ያለ አይደለም የጠየቅኩት፣ «ካምፕታውን» የሚለውን ዘፈን ነው ይላል። ሠራተኞቹ ሰምተውት እንደማያውቁ ሆነው ዝም ይሉታል። እንዴት አታውቁም ብሎ ሊያሳያቸው ይጀምራል። የእሱ ነጭ ጓደኞችም ይከተሉታል። እጃቸውን እያወናጨፉ፣ እግራቸውን እያነሱ፣ ጥቁር ሰው እንዲህ ነው የሚጨፍረው ብለው የሚያስቡትን ጭፈራ አቧራው እስኪጨስ ይጨፍራሉ። ጥቁሮቹ ቆመው ያዩዋቸዋል። የበላይ አለቃው ደርሶ ጉድ ብሎ ይጮህባቸዋል።

ይህን ትዕይንት ልብ በሉት። ዘፈኑን ስቲፈን ፎስተር በ1850 ነው ያሳተመው። ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው ጥቁርን በሚያስመስሉበት የሚንስትረል መድረክ የተወደደ ዘፈን ነበር። ስለዚህ አለቃው «የእናንተ ዘፈን» ብሎ የሚጠይቃቸው ነጭ የደረሰውን፣ ነጭ የዘፈነውን ነው። በመጨረሻም ያንን ምስል በገዛ ገላው የሚጫወተው ራሱ ይሆናል። የምንስቀው ጥቁር ሰው ሲጨፍር አይደለም። ጥቁር ሰው እንዲህ ይጨፍራል ብሎ ያመነው ሰውዬ ሲጨፍር ነው።

ሁለተኛው ትዕይንት ደግሞ ከተማዋ ውስጥ ነው። ባርት የሸሪፍ ኮከቡን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲደርስ ሕዝቡ ሽጉጥ ይመዝበታል። መውጫ የለውም። ያኔ የራሱን ሽጉጥ አውጥቶ በራሱ አንገት ላይ ይደግናል። በአንድ ድምፅ አስፈሪ ወንበዴ፣ በሌላ ድምፅ ደግሞ የሚንቀጠቀጥ ምስኪን ይሆናል። «ማንም እንዳይንቀሳቀስ፣ አለዚያ ጥቁሩን እገድለዋለሁ» እያለ ራሱን በራሱ ይጎትታል። ሕዝቡም ሽጉጡን ይጥላል። አንዲት ሴት እንዲያውም ለምስኪኑ ታዝናለች። ባርት ቢሮው ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ የራሱን ችሎታና የእነሱን ቂልነት ያደንቃል።

እዚህ ላይ ሕዝቡ የተሞኘው ለምንድን ነው? ጭንቅላታቸው ውስጥ ጥቁር ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ የሚያስፈራ ወንጀለኛ ወይ የሚያሳዝን ምስኪን። ባርት ሁለቱንም ያውቃል። ሁለቱንም ሰጣቸው። ሁለቱንም አመኑ። ዘረኝነታቸው ባይኖር ብልሃቱ አይሠራም ነበር። ይህን ትዕይንት ከየትኛውም ጥናታዊ ጽሑፍ አሳንሼ አላየውም።

ስክሪፕቱን ከጻፉት አምስት ሰዎች አንዱ ጥቁሩ ኮሜዲያን ሪቻርድ ፕራየር መሆኑም ቀላል ነገር አይደለም። ብሩክስ ባርትን እንዲጫወት የፈለገው እሱን ነበር፤ ስቱዲዮው ግን አልተቀበለውም። ሚናውን ክሊቨን ሊትል ተጫወተው። ስድቡ የሚያርፍበት ሰው ጽሑፉ በሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ላይ ሲኖር የቀልዱ አቅጣጫ ይለወጣል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ግን።

ጠረጴዛው ላይ ያልነበሩትስ? እዚያው ፊልም ውስጥ ብሩክስ ራሱ ፊቱን ተቀብቶ፣ ላባ ደፍቶ «ሱ» የሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ጎሳ አለቃ ሆኖ ይመጣል፤ የአይሁዶችን ዪዲሽ ቋንቋም ይናገራል። ቀልዱ ብልህ ነው የሚሉ አሉ። በሆሊዉድ ፊልሞች ውስጥ «ሕንዶች» ተብለው የቀረቡት ብዙዎቹ ነጭ ተዋንያን ስለነበሩ እሱን ነው የሚነካው ይላሉ። ይህን እቀበላለሁ። ግን የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች በፊልሙ ውስጥ እንደ ባርት የሚያስብ፣ የሚያሸንፍ አንድም ሰው የላቸውም። መጨረሻ አካባቢ የሚመጡት ግብረ ሰዶማውያን ጨፋሪዎችም እንዲሁ፤ የሚያስቁት እንዲያው እነሱነታቸው ነው። ስለዚህ ለአንድ ፊልም አንድ ማርክ መስጠት አይቻልም። ያው ፊልም በአንዱ ትዕይንት ዘረኝነትን ያዋርዳል፣ በሌላው ትዕይንት ሌላውን ሕዝብ ረግጦ ያልፋል። ትዕይንት በትዕይንት ነው መፍረድ ያለብን።

ፊትን የመቀባት ነገር ከተነሳ ትንሽ ልቆይበት። በ1830ዎቹ ቶማስ ራይስ የሚባል ነጭ ተዋናይ ፊቱን አጥቁሮ «ጂም ክሮው» የሚባል ገጸ ባሕርይ ይጫወት ነበር። በጣም ተወደደ። ከዓመታት በኋላ ጥቁሮችን በትምህርት ቤት፣ በባቡር፣ በምግብ ቤት የለዩት የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሕጎች በዚያው ስም ተጠሩ። አንድ የመድረክ ቀልድ ለአንድ የጭቆና ሥርዓት ስም አወጣለት። «ቀልድ ብቻ ነው» ሲባል ይህ ትዝ ይለኛል።

በ2008 «ትሮፒክ ተንደር» ሲወጣ ነጩ ተዋናይ ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ፊቱን አጥቁሮ ተጫወተ። ታሪኩ ውስጥ ግን የሚጫወተው አንድ በራሱ የተመጻደቀ ነጭ ተዋናይን ነው። ተዋናዩ ለሚና ሲል ቆዳውን በሕክምና ያጠቁራል፤ የጥቁርን ሕይወት ገባኝ ብሎም ያምናል። አጠገቡ እውነተኛ ጥቁር ተዋናይ አለ፤ በየደቂቃው ይቃወመዋል። በአንድ ትዕይንት ነጩ ስለ ጥቁሮች መከራ ልብ የሚነካ ንግግር ያደርጋል። ጥቁሩ አዳምጦ ሲያበቃ፣ ይሄ እኮ ስለ አንድ ጥቁር ቤተሰብ ከሚያወራው የቴሌቪዥን ኮሜዲ የመክፈቻ ዘፈን ላይ የተወሰደ ነው ይለዋል። በእኔ ጥያቄ መሠረት ፊልሙ ያልፋል፤ የተሞኘው አማኙ ነውና። ቅር የሚለኝ ግን አለ። ትልቁን ሚና ያገኘው፣ ለኦስካር የታጨውም የተቀባው ነው። የሚቃወመው ጥቁር ተዋናይ ከጎን ቀረ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። «ዘ ጎድስ መስት ቢ ክሬዚ»ን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፤ የወደዳችሁትም ብዙ ናችሁ። ደቡብ አፍሪካዊው ጄሚ ዩስ በ1980 የሠራው ነው። ከአውሮፕላን የኮካ ኮላ ጠርሙስ ይጣላል። በካላሃሪ የሚኖሩ የሳን ሕዝቦች ያገኙታል፤ የአማልክት ስጦታ ይመስላቸዋል። ጠርሙሱ ጠብ ሲያመጣባቸው አንዱ ወደ ዓለም ዳርቻ ሄዶ ሊጥለው ይነሳል። ሚናውን የተጫወተው ኒካው የሚባል የሳን ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ያለው ሙቀት ዛሬም ማንንም ይማርካል።

በዚህ ፊልም ውስጥ ስድብ የለም። ክፋትም የለም። እንዲያውም ተራኪው ሳኖችን በፍቅር ነው የሚገልጻቸው። ንብረት አያውቁም፣ ወንጀል አያውቁም፣ ክፉ ነገር አያውቁም ይላል፤ በዶክመንተሪ ድምፅ፣ እንደ ተረጋገጠ እውቀት። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። በሳኑ ሰው ላይ የምንስቀው እያንዳንዱ ሳቅ የሚመጣው ባለማወቁ ነው። መኪና ሲያይ እንስሳ ይመስለዋል። ጠመንጃ ሲይዝ ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚባለው ነገር ሁሉ እውነት ሆኖ ይገኛል፤ ያንን ያመነ ተመልካችም አንድ ጊዜ እንኳ አይሞኝም።

ፊልሙ የተቀረጸበት ዘመን ምን ይመስል ነበር? የኒካው አገር ናሚቢያ በአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ አገዛዝ ሥር ነበረች። ኒካው በመጣበት በጹምክዌ አካባቢ ሳኖች አብዛኛውን መሬታቸውን አጥተው በአንድ ክልል ታጥረው ነበር። በእርዳታ ዱቄትና በጥቂት ደመወዝ የሚኖሩ፣ መጠጥና ጠብ የበዛባቸው ሰዎች ነበሩ። ከ1978 ጀምሮ የደቡብ አፍሪካ ጦር ወንዶቻቸውን ወታደር አድርጎ ይመለምል ነበር። ጆን ማርሻል በዚያው በ1980 ስለ አንዲት የሳን ሴት የሠራው ዶክመንተሪ ሁለቱንም ያሳያል። ጦሩ ሰው ሲመለምልም አለ፤ የዩስ የፊልም ቡድን እዚያው ሲቀርጽም አለ። ኮሜዲው ጠመንጃ አይቶ አያውቅም ያለው ሕዝብ ጠመንጃ እየታጠቀ ነበር።

በፊልሙ ውስጥ አፓርታይድ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም። ጥቁሮቹ የጫካ ተዋጊዎች ካርታ የሚጫወቱ ዝርክርኮች ናቸው። በአሜሪካ በ1984 ሲታይ የአፓርታይድ ተቃዋሚዎች ያወገዙት ለዚህ ነው። «ከተሜውንም እኮ ያሾፍበታል» ብለው የሚከላከሉለት አሉ፤ እውነት ነው፣ ያሾፍበታል። ነጩ ተመራማሪ በየደረጃው ይደናቀፋል። ግን ይወድዳል፣ ያፍራል፣ ይማራል። የሳኑ ሰው ግን እንደጀመረ ነው የሚጨርሰው። እንዲለወጥ ያልተፈቀደለት ሰው ነው።

ይህን ፊልም በሰፊው ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በጥላቻ የተሠራውን ዘረኝነት ብዙ ሰው ለይቶ ያውቀዋል። አሜሪካዊው ተዋናይ ሚኪ ሩኒ በ1961 በወጣው «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» ጥርስ ተክሎ ጃፓናዊ ጎረቤት የሆነበትን ሚና ዛሬ ማንም አይከላከልለትም። በፍቅር የተሠራው ግን ያመልጠናል። «እንዴት የዋህ ናቸው!» ብለን ስቀን እንወጣለን። መሬታቸውን የወሰደውም እንደ ሕፃን ነበር የሚያያቸው።

ስለ «ቦራት» ጥቂት ልበል። በ2006 የወጣ ነው። ሳሻ ባሮን ኮሄን ራሱ አይሁዳዊ ነው። አይሁድን የሚጠላ የካዛኪስታን ጋዜጠኛ ሆኖ አሜሪካ ይዞርና እውነተኛ ሰዎች ጥላቻቸውን እንዲያወጡ ያደርጋቸዋል። አማኙን ማሞኘት ማለት ይህ ነው፤ በዚህ በኩል ከማንም በላይ ተሳክቶለታል። የፊልሙ መክፈቻ ግን የተቀረጸው ካዛኪስታን ሳይሆን ግሎድ በምትባል፣ በተለምዶ ጂፕሲ የሚባሉት የሮማ ሕዝቦች በሚኖሩባት የሩማንያ መንደር ነው። ድሆች ናቸው። ቦራት ጎረቤቶቹን ሲያስተዋውቅ አንዱን የመንደሩ ደፋሪ ይለዋል። የመንደሩ ነዋሪዎች ስለ ኑሯቸው ዶክመንተሪ የሚሠራ መስሏቸው እንደነበር ተናግረዋል፤ ከስሰውም አልተሳካላቸውም። ሮማዎች በአውሮፓ ለዘመናት የተገፉ ሕዝቦች ናቸው። ዘረኝነትን ለማጋለጥ የወጣ ፊልም ሒሳቡን እነሱ ላይ ጥሎ ሄደ። ይህን አልቀበለውም፤ የቀረው ፊልም የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን።

እስካሁን ያወራሁት ስክሪኑ ላይ ስላለው ነው። ወንበሩ ላይ ያለውስ? ፊልሙ ሁሉን በትክክል ቢሠራም ተመልካቹ የራሱን ይዞ ይሄዳል። በ1971 በአሜሪካ ቴሌቪዥን «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» ጀመረ። አርቺ ባንከር የሚባል አባወራ አለ፤ ስለ ጥቁሮች፣ ስለ አይሁዶች፣ ስለ ሴቶች አፉ ያመጣለትን ይናገራል። ደራሲው ኖርማን ሊር ሊያጋልጠው ነው የጻፈው። በ1974 ኒል ቪድማርና ሚልተን ሮኪች የተባሉ ተመራማሪዎች ተመልካቾችን አጠኑ። አብዛኞቹ ትርዒቱ ያስቃል አሉ። ጭፍን ጥላቻ የበዛባቸው ግን አርቺን ሲያደንቁት፣ በክርክሩም አሸናፊው እሱ ነው ሲሉ ተገኙ። አንድ ቀልድ፣ ሁለት ሳቅ። በ2009 ስቲቨን ኮልቤር ወግ አጥባቂ መስሎ ያቀርበው የነበረውን የስላቅ ትርዒት ያጠኑ ሌሎች ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። ወግ አጥባቂ ተመልካቾች፣ የሚቀልድ ይመስላል እንጂ የሚለውን ከልቡ ነው ወደ ማለት አዘንብለው ነበር።

ይህን ከሁሉ በላይ በገላው የቀመሰው ጥቁሩ አሜሪካዊ ኮሜዲያን ዴቭ ሻፔል ይመስለኛል። በ2005 ዝናው ጣራ በነካበት ጊዜ፣ ኮንትራቱ 50 ሚሊዮን ዶላር ይባል በነበረበት ጊዜ፣ ትርዒቱን ጥሎ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። በኋላ ምክንያቱን ሲናገር አንድ ቀረጻ አነሳ። ፊቱን አጥቁሮ የሚንስትረል ልብስ ለብሶ፣ ጥቁሮችን ወደተለመደው ምስል የምትገፋፋ ትንሽ መንፈስ ሆኖ ሲጫወት ነበር። ከቀረጻው ቡድን አንድ ነጭ ሰው ሳቀ። ረጅም ሳቅ ነበር። ሻፔል ያ ሳቅ ከእሱ ጋር ሳይሆን በእሱ ላይ መሆኑ ተሰማው። ስክሪፕቱ አልተለወጠም፤ እሱም አልተለወጠም። ሳቁ ግን ሌላ ነገር ነገረው።

ታዲያ ቀልድ የሌለውን ጥላቻ ይፈጥራል? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ፎርድና ባልደረቦቹ ያጠኑት ስለ ሴቶች የሚቀለደውን እንጂ ስለ ዘር አይደለም፤ ግን ለእኛም ይረዳል። በ2008 ባወጡት ጥናት አስቀድሞ ለሴቶች ጥላቻ የነበራቸው ወንዶች የሚያንኳስስ ቀልድ ከሰሙ በኋላ ለሴቶች ድርጅት ለመስጠት የፈቀዱት ገንዘብ አነሰ። ጥላቻው ያልነበራቸው አልተለወጡም። ቀልዱ አዲስ ጥላቻ አልተከለም። የነበረውን «ውጣ፣ ዛሬ ይፈቀድልሃል» አለው። ለእኔ ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ሰው ጎን ለጎን ነው የሚቀመጠው።

«ታዲያ እንዳንቀልድ ነው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። የባርትን ትዕይንት የሚያህል ነገር ያለ ቀልድ ማን ሊሠራ ይችላል? የምለምነው ጸሐፊዎችን ነው። ስክሪፕታችሁን ስትጨርሱ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ተዉትና ከጀርባ ወዳለው ሰው ሂዱ። ወደ አስተናጋጁ፣ ወደ ዘበኛው፣ አነጋገሩ ለየት ወዳለው ባለሱቅ። ፊልሙ ውስጥ የሚፈልገው ነገር አለ? አንድ ጊዜ እንኳ ከሌላው ቀድሞ ነገሩ የገባው እሱ ነው? ካልሆነ በእሱ ላይ የመጣውን ሳቅ እንደገና እዩት። ብዙ ጊዜ ችግሩ ዋናው ቀልድ ላይ አይደለም፤ ደራሲው ሳያስብ በጻፈው በትንሹ ሰው ላይ ነው።

የድሮ ፊልሞችስ ምን ይደረጉ? በ2020 የኢንተርኔት ፊልም አቅራቢው ኤችቢኦ ማክስ «ብሌዚንግ ሳድልስ»ን ሲያቀርብ የፊልም ምሁሯ ጃክሊን ስቱዋርት የምትናገርበት መግቢያ ከፊቱ አስቀመጠ። ብዙዎች ተናደዱ፤ ቀልድ ማብራሪያ አያስፈልገውም አሉ። እኔ በመግቢያው እስማማለሁ። ፊልሙ አልተቆረጠም፤ አንዲት ቃል አልወጣችበትም። የካምፕታውን ዘፈን ከየት እንደመጣ የማያውቅ ወጣት የመክፈቻውን ትዕይንት ግማሽ ነው የሚያየው። ሁለት ደቂቃ ከተነገረው ግን የሠራተኞቹ ዝምታ ራሱ ያስቀዋል። ለተማሪዎች የምታሳዩ መምህራን ካላችሁ እዚያ ላይ ብቻ አታቁሙ። ብሩክስ ላባ ደፍቶ ሲመጣም ፊልሙን አቁሙና ያንኑ ጥያቄ ጠይቋቸው፤ እዚህስ የተሞኘው ማን ነው? መልሳቸው እንደ መጀመሪያው ቀላል አይሆንም።

አሁን የእናንተን ጥያቄ ልስማ።